ሞተሩስ ደህና ነበር

እኔ በዕድሜዬ ሦስት ነገር ፈትቼ መልሼ መግጠም አቅቶኛል፤ አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ የመምሬ ጃንጥላ፣ አንድ ትራክተር። የሰዓቱንና የጃንጥላውን ባለቤቶች እግራቸው ሥር ወድቄ ይቅርታ ተቀብያለሁ። ትራክተሩ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የሚከነክነኝ መፍታቴ አይደለም፤ ምንም ሳያጠፋ መፍታቴ ነው። እሱ ይቅርታ አይሰማም፤ እናንተ ስሙልኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ አገሩ ቢቸና። ያን ጊዜ የአንድ ግራዝማች ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ስላችሁ ትልቅ ሹመት እንዳይመስላችሁ። ግራዝማች ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ጽፌ ሳነብላቸው "እኔ እንደዚህ አላልኩም" ይላሉ፤ እቀድና እንደገና እጽፋለሁ። እንዲህ ስንል ውለን እንለያያለን። ታዲያ አንድ ቀን እኚሁ ግራዝማች ከዓባይ ማዶ ካለ እርሻ አንድ ያረጀ ትራክተር ገዝተው በደጀን በኩል አስመጡ። አብራው አንዲት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መጣች። በግቢው ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያነብ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያውም ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ እንግሊዝኛ። ያቺ መጽሐፍ ናት ሾፌር ያደረገችኝ።

መጽሐፏ እጄ ከመግባቷ በፊት ግን ወጥ ቤት ገብታ ኖሯል። ግማሿ በርበሬ ተጠቅልሎባት አልቋል። "እንዴት ይነሣል" የምትለዋ ምዕራፍ ተርፋለች። "እምቢ ሲል ምን ይደረጋል" የምትለዋን ከሽሮ ጋር በልተናታል መሰለኝ።

ትራክተሩን ብታዩት ታዝኑለታላችሁ። ቀለሙ ድሮ ቀይ እንደነበረ ሽማግሌ ይመሰክራል። መብራት የለውም፤ ጥሩምባው ሞቷል፤ ወንበሩ በጠፍር ታስሯል። ያመጣው ሾፌር ሦስት ቀን ብቻ አስተማረኝ። ሲሰናበተኝ ትከሻዬን ያዘና "ስማኝ፣ ሞተሩን አትንካ። ናፍጣ ስጠው፣ ዘይቱን እይለት፣ ከዚያ ተወው። የቀረውን እሱ ያውቃል" ብሎኝ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ወደ ደጀን ሄደ። ምክሩ አልተዋጠልኝም። ስድስት ዓመት ቅኔ ቤት ኮቾሮ የቆረጠመ ሰው "ብረቱ ካንተ የተሻለ ያውቃል" ሲባል እንዴት ይዋጥለታል? ደግሞስ ውጪው እንዲህ የተበሳሳ ነገር ውስጡ ጤነኛ ነው ብሎ የሚያምን ማን ነው? ከዚያን ቀን ጀምሮ ሞተሩን በጥርጣሬ ማየት ጀመርኩ። ድምፁን ጆሮዬን ቀስሬ አዳምጣለሁ። ዱብ ዱብ ዱብ ይላል። ዛሬም ዱብ ዱብ፣ ነገም ዱብ ዱብ። ይህን ያህል ደህና መሆኑ ራሱ አሳሰበኝ።

አሁን ወደ እህቴ ልውሰዳችሁ። ታላቅ እህቴ ውዴ ትባላለች፤ እኔ እታለም ነው የምላት። ከሞጣ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ነው የምትኖረው። ባሏ ሞቶ ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። በዚያ ዓመት አንዱ በሬዋ ገደል ገባ፣ ሁለተኛው ታሞ ሞተ። መሬቷ ጥሩ መሬት ነው፤ ግን መሬት ያለ በሬ ምን ያደርጋል? ለፋሲካ ልጠይቃት ስሄድ ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ደርሼባቸዋለሁ። ሰኔ ላይ አንድ ቀን ሁሉም በሬውን ጠምዶ ይመጣና በደቦ ያርስላታል፤ ቀኑ ተቆርጧል፤ ነገሩ አልቋል፤ ጠላ እየተጠጣ ነው።

እኔ ምን አገባኝ? ዝም ብዬ ጠላዬን ብጠጣ ምን ነበረበት? ተነሣሁ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

"የእህቴን መሬት የማርሰው እኔ ነኝ! በሬዎቻችሁን አሳርፏቸው! ከቢቸና ብረት አመጣለሁ!" አልኩ።

ጋሼ አለኸኝ የሚባል የእህቴ ጎረቤት፣ በመንደሩ በጥሩ በሬዎቹ የታወቀ፣ ረጋ ያለ ሰው፣ "አይ ወንድሜ፣ ብረቱም ይምጣ፣ በሬውም ይምጣ፤ ምን ይጎዳል?" አለኝ።

"ብረት ከመጣ በሬ ምን ያደርጋል? ቆሞ ሊያፍር ነው?" አልኩት።

በቃ። ደቦውን ለአንድ ታማሚ ሰው ሰጡት። የቀሩትን ቀናትም ተከፋፈሉ። እታለም ወደ ውጪ ጠርታ ክንዴን ያዘችኝ።

"አንተ ልጅ፣ እርግጠኛ ነህ? ይሄ ካልሆነ ለእኩል አራሽ መስጠቴ ነው። እኩሌታው ጤፍ ደግሞ እነዚህን ልጆች ከመጋቢት አያሳልፋቸውም" አለችኝ።

"እታለም ሙች!" አልኳት። እንዲህ ነው የማልኩት፤ በእሷው ስም።

ሰኔ ገባ። ግራዝማች ትራክተሩን ለአንድ ሳምንት ፈቀዱልኝ። "ጭረት እንዳታሳየኝ" አሉኝ፤ ጭረት የሌለበትን ቦታ ቢያሳዩኝ ደስ ባለኝ። በማለዳ ሞተሩን አስነሣሁ፤ በመጀመሪያው ተነሣ። ማረሻውን ከኋላ ተሸክሞ፣ እኔን ከላይ ተሸክሞ፣ የሞጣን መንገድ ያዝን። ዳገት ላይ ባለ አህያዎች ይቀድሙናል። ሲቀድሙን ሰላምታ ይሰጡናል፤ ሜዳው ላይ ደርሰንባቸው እንደገና ሰላምታ እንለዋወጣለን። እንዲያ እያልን ከአንድ አህያ ነጂ ጋር ስለ ቤተ ሰቡ በሙሉ ተጠያየቅን።

አንድ ነገር ወስኜ ነበር የወጣሁት፤ እስከ እህቴ ደጅ ሞተሩን አላጠፋም። አንዴ ካጠፋሁት አይነሣም የሚል ሐሳብ አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር። ውሃ ስጠጣ አላጠፋሁትም። ቆሎ ስገዛ አላጠፋሁትም። ደብረ ወርቅ ስደርስ ቤተ ክርስቲያኑን ሳልሳለም አላልፍም ብዬ ከቅጥሩ ውጪ እየጮኸ አቆምኩትና ገባሁ። ግንባሬን ከደጀ ሰላሙ ሳላነሣ አንድ ደብተራ እየሮጡ መጡ።

"አንተ ሰው! ቅዳሴ ላይ ነን! ይሄን ነገር ዝም አሰኘው!"

"አባቴ፣ ዝም ካለ ተመልሶ አይናገርም!"

"እንግዲያው ርቆ ይናገር!"

ጸሎቴን መንገድ ላይ ጨረስኩ።

ከደብረ ወርቅ አለፍ እንዳልኩ ነው ጉዱ የመጣው። ፊት ለፊት አንድ ቀኛዝማች በበቅሎ፣ ከኋላቸው አሽከሮቻቸው እየተከተሏቸው ይመጣሉ። የአገራችንን ደንብ ታውቁታላችሁ፤ ትልቅ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኙ ከበቅሎ ወርዶ እጅ መንሣት ነው። አባቴ ይህን ደንብ በአለንጋ ስላስተማረኝ ከጭንቅላቴ ይልቅ እግሬ ነው የሚያውቀው። እግሬ አወቀና ወረደ። ነጠላዬን አደገደግኩ፤ ጎንበስ አልኩ፤ "እንደምን ዋሉ ጌታዬ" አልኩ።

ትራክተሩ ግን አልቆመም። ማርሽ ውስጥ ነበር።

ቀኛዝማች ሰላምታዬን ሊመልሱ እጃቸውን አንሥተው እንዳሉ ዐይናቸው በጎኔ የሚያልፈውን ነገር ተከተለ።

"ማን ነው የሚነዳው?" አሉ።

"ማንም ጌታዬ።"

"ታዲያ ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ሞጣ ነው ጌታዬ።"

ሮጬ መያዝ ነበረብኛ! ነገር ግን ትልቅ ሰው "ሂድ" ሳይል ጀርባ አይሰጥም፤ ይህንንም አለንጋው አስተምሮኛል። ፊቴን ወደ ቀኛዝማች፣ ጀርባዬን ወደ ትራክተሩ አድርጌ፣ እጅ እየነሣሁ ወደ ኋላ ወደ ኋላ መሄድ ጀመርኩ። ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ወደ ፊት የሚሄድ ትራክተር ላይ አይደርስም፤ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገኝም። በመጨረሻ ቀኛዝማች ሳቃቸው መጣና "ሂድ እንጂ አንተ! ምን ትለኛለህ!" ሲሉኝ ነጠላዬን ሰብስቤ በረርኩ።

ስደርስ ቦዩን ተሻግሮ ከአንድ ሰው ጓሮ የድንጋይ ካብ ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጥሟል። ካቡን ይገፋል፣ ጎማው አፈር ይዝቃል፣ ሞተሩ ዱብ ዱብ ይላል። ባለ ጓሮው ጎመን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ያያል።

"በሩ በወዲያ ነው" አለኝ በትሕትና።

ካቡን አብረን መልሰን ካብን። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ራዲያተሩ ግን ከታች በኩል ተበስቶ ውሃ ያንጠባጥብ ጀመር። ከዚያ ወዲያ ወንዝ ባገኘሁ ቁጥር እየቆምኩ ከላይ ውሃ መሙላት ሆነ ሥራዬ። እኔ እሞላለሁ፣ እሱ ያፈስሳል፣ ሞተሩ ይሄዳል። ማመን የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር። እኔ ግን "አሁን ነው የሚሞተው፣ አሁን ነው የሚሞተው" እያልኩ የመርጡለ ማርያምን መገንጠያ አለፍኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደሩ ደረስኩ። እልልታው! ጭብጨባው! ሽማግሌዎቹ ትራክተሩን ዞረው ዞረው አዩት። እኔ ከላይ ሆኜ እጄን አነሣለሁ፤ ብታዩኝ ጦር ሜዳ የዋልኩ ነው የምመስለው። እታለም ጉንጬን ሳመችና የሚያንጠባጥበውን ራዲያተር ስሞላ ቆማ አየችኝ።

"ይሄን ሁሉ ይጠጣል?"

"ይጠጣል እታለም። ሥራው ከባድ ነው።"

"ምስኪን" አለችና ጎኑን መታ መታ አደረገችው።

ይህችን "ምስኪን" ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

በማግስቱ ሞተሩ አሁንም በመጀመሪያው ተነሣ። ማረሻውን አወረድኩ፤ ጥቁሩ አፈር ተገለበጠ። በሬ በብዙ ምልልስ የማይደርስበትን ጥልቀት አንዴ ሄዶ ሲገለብጠው ያ ሁሉ ሰው እጁን በአፉ ጫነ። እታለም እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ሄድኩ። ገና የመሬቱን ጫፍ ጀምሬ፣ ገና ልቤ ሞላ ሲል፣ ሞተሩ ሳል ጀመረው። አንዴ ሳለ። ሁለቴ ሳለ። ነጭ ጭስ ተፋና መሬቱ መሀል ቀጥ አለ።

በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ እህቴ ታሳዝነኛለች ከማለቴ በፊት "ይኸው! አላልኩም!" የሚል ደስታ ሽው አለብኝ። ስንት ጊዜ ስጠብቀው የነበረ ነገር ነዋ! ከዚያ የእታለምን ፊት አየሁ፤ በደስታዬ አፈርኩ።

ምክር ከየአቅጣጫው ጎረፈ። አንዱ ዐይን በልቶት ነው አለ። አንዱ ፊቱን ወደ ቢቸና አዙሩለት፣ አገሩን ናፍቆ ይሆናል አለ። የእህቴ የነፍስ አባት መምሬ ሞላ፣ ሳቂታ ሽማግሌ ናቸው፣ "ጾመ ሐዋርያት አይደለም? ዘጠኝ ሰዓት ይሁንና እዩት" አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የጠበቁም ነበሩ።

እኔ ግን መፍቻዬን አወጣሁ። ነጠላዬን መሬት ላይ አነጠፍኩና የማገኘውን ብሎን ሁሉ መፍታት ጀመርኩ። የምፈልገውን አላውቅም፤ ሳገኘው የማውቀው ይመስለኛል። ክዳን ከፈትኩ፤ ዘይት ነው። ሌላ ክዳን ከፈትኩ፤ ሌላ ዘይት ነው። መልሼ ስገጥም ሦስት ብሎን ተረፈኝ። ከዚያ ማስነሻውን ደጋግሜ ጫንኩ፤ ባትሪው እስኪያቃስት፣ ከዚያም ማቃሰቱን እስኪተው።

ያኔ ነው ጋሼ አለኸኝ ቀስ ብሎ የመጣው። ለእኔ አንድም ቃል አልተናገረም። ለእህቴ ነው የተናገረው።

"ውዴ፣ ዝናቡ አይጠብቅም። ለደቦ የቀረ ቀን የለም፤ ሁሉም ለየራሱ ሊጠምድ ነው። ሐሙስ ጠዋት በሬዎቼን ይዤ ልምጣ። እንግዲህ በእኩል ይሆናል፤ እኔም ልጆች አሉኝ።"

እታለም መሬት መሬት እያየች "እሺ ጋሼ አለኸኝ" አለች። መምሬ ሞላ ሰምተዋል። ቃል ወጣ ማለት ነው። የዚያን ቀን ማክሰኞ ነበር።

እኔ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ያቺን ያህል ያረስኳት ቦታ እንኳ ትበቃኝ ነበር። ለማንም ሳልናገር የሞጣን መንገድ በእግሬ ተያያዝኩት።

ሞጣ ገብቼ መካኒክ ብል ማን ያውቃል? "የጭነት መኪና ሲያልፍ ሾፌሩን ጠይቅ" አሉኝ። መቼ ያልፋል ስል "ሲያልፍ" አሉኝ። ከአንድ ደጃፍ ላይ ተስፋ ቆርጬ ተቀመጥኩ። ተቀምጬ ሳለሁ ከጀርባዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ዱብ ዱብ ዱብ ዱብ። ዞር ብል ወፍጮ ቤት ነው።

ገባሁ። ባለ ወፍጮዋ ወይዘሮ አስናቁ ይባላሉ። ከራሳቸው እስከ እግራቸው ዱቄት ናቸው፤ ቅንድባቸው ሳይቀር። ባላቸው ካረፉ ጀምሮ ያንን የናፍጣ ሞተር ብቻቸውን ነው የሚያስተዳድሩት። በሞተሩ ጩኸት ጆሯቸው ስለደከመ የሚናገሩት ሁሉ በጩኸት ነው፤ እኔም ስመልስ መጮህ ነበረብኝ። እህላቸውን ይዘው የተሰለፉ ሴቶች በሙሉ ጉዴን ሰሙ።

"ምን ሆኖ ቆመ?" ብለው ጮኹ።

"ሳለና ቆመ!"

"ጭሱ ምን ዓይነት ነበር?"

"ነጭ!"

"ማን ነካው?"

የተሰለፉትን ሴቶች አየሁ።

"ማን ነካው አልኩ!"

"እኔ!" ብዬ ጮኽኩ። ሴቶቹ ሳቁ።

"እኔ ይሄን ሞተር ስንት ዓመት ሳስነሣው፣ በራሱ ሞቶብኝ አያውቅም። የቆመ ጊዜ ሁሉ ሰው ነው ያቆመው። አንዴ ቆሻሻ ናፍጣ ሸጡልኝ፤ አንዴ ዘመድ መጥቶ ልርዳሽ አለኝ። አንተም እንደሱ ነህ!" አሉኝ። ጠዋት ወፍጮውን ለእህታቸው ልጅ አደራ ብለው፣ ሁለት መፍቻና አንድ ካቻቪቴ በመቀነታቸው ሸጉጠው፣ በበቅሏቸው ከእኔ ፊት ፊት መጡ።

መንደሩ ስንደርስ ሰው ሁሉ እንደገና ወጣ። ሴት ወይዘሮ ትራክተር ስትጠግን ለማየት ቅዳሴ የቀረ አለ ይባላል፤ እኔ አላየሁም። ወይዘሮ አስናቁ ትራክተሩን አንዴ ዞሩት። መጀመሪያ ያነሡት ነጠላዬ ላይ የተኙትን ሦስት ብሎኖች ነው።

"እነዚህን ለምን ፈታሃቸው?"

"ለማየት።"

"ምን አየህ?"

"ምንም።"

እያንዳንዳቸውን ያለ አንዳች ማመንታት ወደ ቦታቸው መለሱ። ከዚያ ከሞተሩ ጎን ካለችው የናፍጣ ማጣሪያ ሥር አንዲት ትንሽ ብሎን ላላ አደረጉ። ከሥሯ ብርጭቆ ያዙ። ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው አሳዩን። ከላይ ቢጫ ናፍጣ፣ ከታች ጥርት ያለ ውሃ።

"ናፍጣው ውስጥ ውሃ ማን ጨመረ?" አሉ።

እርስ በርስ ተያየን። እኔ ጋሼ አለኸኝን አየሁት፤ በልቤም ጠረጠርኩት፤ ይቅር ይበለኝ። የእኩሌታው ጤፍ ባለቤት እሱ ነዋ።

ከኋላ ቀጭን ድምፅ መጣ። እታለም ናት።

"ውሃ አይደለም" አለች። "ጠበል ነው።"

ጉድ ፈላ። ማክሰኞ ጠዋት እኔ ሽማግሌዎቹን ስሳለም፣ ከመርጡለ ማርያም በእግሯ ሄዳ ያመጣችውን፣ ለልጆቿ ለክፉ ቀን ብላ ያስቀመጠችውን ጠበል፣ አንድ ቅል ሙሉውን፣ ይበርታልኝ ብላ በትልቁ ክዳን አጠጥታዋለች። ራዲያተሩን ስሞላ አይታ የለ! ሁለት አፍ እንዳለው፣ አንዱ የውሃ አንዱ የናፍጣ መሆኑን ማን ነገራት? "ይጠጣል" ብዬ የነገርኳት እኔ አይደለሁም?

"እኔው ነኝ የገደልኩት!" ብላ ተንሰቀሰቀች። "ለልጆቼ ያሰብኩትን ሰጥቼ፣ የልጆቼን እንጀራ ገደልኩት!"

"ኧረ ተይ አንቺ!" ብለው ጮኹ ወይዘሮ አስናቁ፤ እያጽናኗት ነው፣ ቁጣ የሚመስለው ድምፃቸው ብቻ ነው። "ምን ሞተ? ደህና ነው! ውሃውን አሳልፎ አላቃጥልም አለ እንጂ ምን ሆነ? አዋቂ ሞተር ነው!"

ታንኩን ከሥር ከፍተው ውሃው እስኪያልቅ ማጠብ አለብን አሉ። በዚህ ጊዜ መምሬ ሞላ እጃቸውን ዘረጉ።

"ቆይ! ጠበል ነው። ሰው የሚረግጠው መሬት ላይ አይፈስስም!"

እንግዲህ ናፍጣ የተቀላቀለበት ጠበል የት ይደፋል? ስንክሳሩም ይህን አላሰበበትም። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ክርክሩ ጦፈ። ወይዘሮ አስናቁ የታንኩን ብሎን ፈትተው ቀዳዳውን በጣታቸው ደፍነው፣ "ፍረዱ፣ ጣቴ ደነዘዘ!" እያሉ ይጮኻሉ። በመጨረሻ መምሬ ሞላ ከመሬቱ ዳር፣ ሰው የማይረግጠው የድንጋይ ክምር ላይ ይፍሰስ ብለው ፈረዱ። በማድጋ ተሸክመን በሰልፍ ወሰድነው። አንዲት ባልቴት ለጉልበቷ ጥቂት ቀንሳ ወሰደች፤ በኋላ ስጠይቃት ጉልበቴን ለቀቀኝ አለችኝ።

ቀጥሎ ወይዘሮ አስናቁ ከቢቸና ይዤው ከመጣሁት ጀሪካን ንጹሕ ናፍጣ አስሞሉኝ፤ ከማጣሪያው በላይ ያለች ብሎን ላላ አድርገው በእጅ የምትገፋዋን ትንሽ ፓምፕ ደጋግሜ እንድገፋ አዘዙኝ። አረፋ ወጣ፤ አረፋ፣ አረፋ፤ ከዚያ ጥርት ያለ ናፍጣ ብቻ። ዘጉት። "አየር ገብቶ ነበር። አሁን ወጣ። በል አስነሣው!"

በምን ላስነሣው? ባትሪውን ትናንት ገድዬዋለሁ። ቁልቁለት ላይ ቢሆን ተንከባልሎ ይነሣል፤ እሱ ግን ሜዳ መሀል ነው የቆመው፤ ጭቃው ደግሞ ይዞታል። ሰው ገፋ፤ ንቅንቅ አላለም። ሁሉም እኔን ማየት ጀመሩ። እኔ ጫማዬን አያለሁ።

ጋሼ አለኸኝ ወደ ቤቱ ሄደ። ሲመለስ በሬዎቹን ጠምዷል፤ ከኋላው ደግሞ ሌሎች ሦስት ጥማድ። አሳርፏቸው ያልኳቸው በሬዎች ናቸው! በጠፍርና በሰንሰለት ትራክተሩን ጠመዱት። "ሃይ! በል! ና!" ተባለ፤ ስምንት በሬ አንድ ትራክተር ጎትቶ ከጭቃው አወጣና ቁልቁለቱ አፍ ላይ አቆመው። ጋሼ አለኸኝ በአጠገቤ ሲያልፍ "ብረትህ ትንሽ ደክሞት ነበር እንጂ አላፈረም" አለኝ። "አዎ ጋሼ" አልኩ።

ፍሪሲዮን ረግጬ፣ ማርሽ አስገብቼ፣ ለቀቅኩት። ተንከባለለ። እግሬን አነሣሁ። አንዴ ሳለ፤ ሁለቴ ሳለ፤ ነጭ ጭስ፣ ግራጫ ጭስ፣ ጥቁር ጭስ፤ ከዚያ ዱብ ዱብ ዱብ ዱብ! እሰይ! ወይዘሮ አስናቁ ነጠላቸውን ወደ ሰማይ ወረወሩ። እኔ አለቀስኩ፤ ናፍጣው ነው ዐይኔን ያቃጠለኝ ብዬ ነበር፣ አልነበረም።

ረቡዕ እስኪመሽ አረስኩ። ያ ሞተር አንዴ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ያ ሁሉ ካብ፣ ያ ሁሉ መፍቻ፣ ያ ሁሉ ስድብ ደርሶበት፣ ንጹሕ ናፍጣ ሲያገኝ ምንም እንዳልሆነ ሥራውን ቀጠለ። እኔ ብሆን ቢያንስ አኮርፍ ነበር።

መሬቱ ታረሰ፤ ቃሉ ግን አለ። እታለም "እሺ" ብላለች፤ የነፍስ አባቷ ሰምተዋል። ጋሼ አለኸኝ ቢፈልግ እኩሌታውን ይጠይቃል፤ እታለምም ቃሏን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። እኔ ይህን ሳስብ ጎኔ መኝታ አልያዘልኝም።

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ አለኸኝ እንደ ቃሉ በሬዎቹን ነድቶ መጣ። ድንበሩ ላይ ቆመ። የተገለበጠውን መሬት ከዳር እስከ ዳር በዐይኑ ለካ። እታለም ልጆቿን ከኋላዋ አድርጋ ቆማለች።

"ቃሌ ቃል ነው ጋሼ" አለች።

"የእኔም ቃል ቃል ነው" አለ። "እኔ ግን አርሳለሁ ያልኩት ያልታረሰ መሬት ነበር። እዚህ እንዲህ ያለ አላይም።" አፈሩን በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገ። "ጥግ ጥጉን ግን ብረቱ አልደረሰበትም። ይሄን በሬ ነው የሚጨርሰው። ከመጣሁ አይቀር ልሥራውና ልሂድ።"

"በምን?" አለች እታለም።

"በምን በምን?"

"በምን ታርስልኛለህ?"

ጋሼ አለኸኝ ሳቀ። "በደቦ ነዋ!"

ይህን ጊዜ እህቴን ብታዩዋት! ቀና አለች። ለእኩል የሚያርስ ሰው ምሳውን ከቤቱ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ለደቦ የመጣን ሰው የሚያበላው ግን ባለ መሬቱ ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ወደ ቤቷ ዞረች። ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች።

"ምሳህን ይዘህ መጥተህ እንደሆነ፣ ጋሼ" አለች፣ "ወደ ቤትህ መልሰው። ምሳ የማበላው እኔ ነኝ።"